ምላስ ያገኘው ጉብታ፦ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ምላሳችሁን ከታችኛው ጥርሶቻችሁ ጀርባ አድርጋችሁ፣ ከድዱ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ፣ ግራና ቀኙን ዳብሱት። አሁን ደግሞ ወደ ላይ አንሱት። ላንቃችሁን ከፊት ወደ ኋላ፣ መሃል መሃሉን ንኩት። አብዛኞቻችሁ ምንም የተለየ ነገር አላገኛችሁም። የጥቂቶቻችሁ ፊት ግን ተለዋወጠ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚል ፊት ነው። በጥርስ ሐኪምነት በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ብዙ ሰው ጉብታውን የሚያገኘው በአጋጣሚ ነው። ትኩስ ነገር ላንቃውን ሲያቃጥለው፣ ወይም ጥርስ ተነቅሎለት ምላሱ ክፍተቱን ሲፈልግ። ሌሊት ከሆነ ይብሳል። የስልኩን መብራት አብርቶ መስታወት ፊት ይቆማል። አፉን ይከፍታል። ያየዋል። ከዚያ እስኪነጋ ድረስ በጭንቅላቱ የሚመላለሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ካንሰር።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። ተማሪ ሳለሁ አንዳችን የሌላችንን አፍ እየመረመርን እንለማመድ ነበር። ጓደኛዬ የእኔን ስታይ ድንገት ዝም አለች። መስታወቷን አወጣች፣ መልሳ አስገባች። ከዚያ አስተማሪያችንን ጠራች። እሳቸው መጥተው በጣታቸው ሁለቱንም ጎን ነኩትና «አይዞሽ፣ አጥንት ነው» አሉኝ። የተናገሩት ይኸው ነበር። ትንፋሼ ተመለሰ። ማታ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር «አባዬ፣ እስቲ አፍህን ክፈት» ማለት ነበር። እሱም አለው። ሲኖረው ኖሮ ማንም ነግሮት አያውቅም።

ዛሬ ስለዚህ አጥንት ነው የማወራው። በተለይ ደግሞ ስለ አንድ ጥያቄ፤ ኦፕራሲዮን ልደረግ ወይስ ልተወው? የእኔን ሐሳብ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ትልቅ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ውሳኔው ግን በትልቅነቱ አይደለም። ውሳኔው ጉብታው ከምን ከለከላችሁ በሚለው ነው። ከመብላት? ከመናገር? ጥርስ ከማስተከል? ከምንም ካልከለከላችሁ፣ የአውራ ጣት ጫፍ ቢያክልም ሊቀመጥ ይችላል። ከከለከላችሁ ደግሞ ትንሽ መሆኑ ብቻ እንዲተው አያደርገውም።

ምንድን ነው?

የሕክምና ስሙ ቶረስ ነው። ቃሉ ላቲን ነው፣ ጎላ ብሎ የወጣ ነገር ማለት ነው። ላንቃ መሃል ላይ የሚወጣው ቶረስ ፓላቲነስ ይባላል። በታችኛው መንጋጋ ውስጠኛ ጎን፣ ምላስ በሚነካው በኩል የሚወጣው ደግሞ ቶረስ ማንዲቡላሪስ። ይሄኛው የሚቀመጠው ከክራንቻው ጥርስ አንሥቶ ወደ ኋላ ባሉት ጥርሶች ሥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን ይወጣል። በጉንጭ በኩል፣ ከድዱ ውጫዊ ገጽ ላይ የሚደረደሩም አሉ። እነዚያ ኤግዞስቶሲስ ይባላሉ። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፤ በራሱ ቦታ ላይ የተደመረ ጥቅጥቅ ያለ ጤነኛ አጥንት።

ካንሰር አይደለም። ቆይቶም ወደ ካንሰር አይለወጥም። ይህን ሳልደጋግም አላልፍም፤ አይለወጥም።

ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በወጣትነት ዘመን ነው። ከዚያ በጣም በዝግታ ያድጋል። በዓመታት እንጂ በሳምንታት አይለካም። የላንቃው በሴቶች ላይ በእጥፍ ገደማ ይበዛል፤ የታችኛው መንጋጋው ደግሞ በወንዶች ላይ ትንሽ በርከት ይላል። በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፣ በሌሎች ዘንድ ያንሳል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በዘር ይተላለፋል፤ የእኔና የአባቴ ነገር እንግዲህ ይኸው ነው። ጥርስ ላይ የሚያርፍ ጫናም ድርሻ እንዳለው ይታሰባል። በተለይ የታችኛው ጉብታ ሌሊት ጥርሳቸውን በሚያፋጩ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ሁሉም ነገር ወደዚህ ይመለሳል። አብዛኛው ችግር ከአጥንቱ አይመጣም፤ ከልባሱ ነው የሚመጣው። ጉብታውን የሸፈነው ሥጋ ስስ ነው። የሚደርሰው ደምም ጥቂት ነው። ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ የመሰለ አጥንት አለ። ስለዚህ ትንሽ ነገር ይቧጭረዋል፣ ትኩስ ነገር ይልጠዋል። ሲቆስልም ከሌላው የአፍ ክፍል ዘግይቶ ይድናል።

መጀመሪያ ይረጋገጥ

«ቶረስ ነው» ብሎ ራስን ማረጋጋት ጥሩ ነው። ግን ያንን መጀመሪያ የሚለው የመረመረ ባለሙያ መሆን አለበት። አፍ ውስጥ ያበጠ ሁሉ ቶረስ አይደለም።

የላንቃ ቶረስ መሃል መስመር ላይ ነው። እንደ አጥንት ይጠጥራል። ጎን ላይ ያለ፣ ሲጫኑት ገባ የሚል ወይም የሚላላ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። የጥርስ ሥር መግል ሊሆን ይችላል። ላንቃ ውስጥ ካሉት ትንንሽ የምራቅ ዕጢዎች የተነሣ ዕባጭም ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚያ መካከል አደገኛ የሆኑም አሉ። በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ያደገ ጉብታ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ከንፈር ወይም አገጭ ላይ የመደንዘዝ ስሜት፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ያለ ንክኪ የሚመጣ መድማት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ።

አንድ ብርቅ ነገር ልጨምር፤ ብርቅ ቢሆንም የሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። የአጥንት ጉብታው ከተለመደው ቦታ ውጭ መንጋጋ ላይና ግንባር ላይ በርከት ብሎ ከወጣ፣ በተለይ ትርፍ ወይም ያልበቀለ ጥርስ ካለ፣ ጋርድነር ሲንድረም የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ሊሆን ይችላል። እሱ ትልቁ አንጀት ውስጥ ፖሊፕ የሚባል ትንንሽ የሥጋ ጉብታ ያበዛል። ያ ፖሊፕ ካልታከመ ካንሰር ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ጥርስ ሐኪም ስለ አንጀት ቢጠይቃችሁ አትገረሙ።

ለተራው ቶረስ ግን ምርመራው ቀላል ነው። ዓይን፣ ጣትና ራጅ ይበቃል። ኦፕራሲዮን ሊታሰብ ከሆነ ሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ሲቲ ስካን ሊታዘዝ ይችላል። ናሙና ቆርጦ መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ቶሎ የማይድን ቦታ ላይ ያለ ምክንያት ቁስል መፍጠር ነውና።

ፍርሃት ሲመጣ

ስለ ሕመምተኞቼ የምነግራችሁን ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።

አንድ ወጣት መጣ። ላንቃው መሃል ላይ ጉብታ አለው። አያመውም። አይቆስልም። ሲበላም ሲናገርም ችግር የለበትም። «ዶክተር፣ አውጡልኝ» አለኝ። መረመርኩት። ራጅ አየን። ካንሰር እንዳልሆነ፣ እንደማይሆንም ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ። «ገባኝ» አለ። «ግን አውጡልኝ።»

ብዙ ባለሙያ እዚህ ጋ ይሰለቻል። እኔም በወጣትነቴ እሰለች ነበር። አሁን ግን እንዲህ ዓይነቱን ሰው ቁጭ አድርጌ እጠይቃለሁ። ልጁን ጠየቅኩት። ለካ አጎቱ የጉሮሮ ካንሰር ታሞ ሞቶበታል። በየማታው ምላሱ ጉብታውን ሲነካ የሚያስታውሰው አጎቱን ነው። ይህን ፍርሃት የሕክምና ቃል አያስወግደውም። ኦፕራሲዮንም ያስወግደዋል ብሎ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ጠባሳውን በምላሱ እየዳበሰ «ተመልሶ መጣ እንዴ?» እያለ የሚኖር ሰው አይቻለሁ።

ያደረግነው ይህን ነው። ጉብታውን ለካሁት፤ 14 ሚሊ ሜትር። ፎቶ አነሣን። ከስድስት ወር በኋላ ና አልኩት። መጣ፤ 14። እንደገና መጣ፤ 14። በሦስተኛው ቀጠሮ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ ራሱ አየ። «በቃ፣ ይቀመጥ» አለ። ቁጥሩ አሳመነው። እኔ በቃል ስነግረው አላመነኝም ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ፍርሃት ምክንያት አይሆንም ለማለት አይደለም። ተረድቶ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ተከታትሎ፣ አሁንም እንቅልፍ የሚነሳው ሰው አለ። እሱ ቢወስን መብቱ ነው። እኔም አግዘዋለሁ። የማልፈልገው ባየው ሳምንት የሚወሰን ኦፕራሲዮን ነው። ይህ አጥንት እዚያ ለመድረስ ዓመታት ወስዶበታል። ሦስት ወር ብታስቡበት የሚያመልጣችሁ ነገር የለም።

የሚከለክል ጉብታ

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሂድ። አንዲት እናት ነበሩ። የላይ ጥርሳቸው በሙሉ አልቋል። ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሁለት ጊዜ ተሠርቶላቸዋል። ሁለቱም መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ ምክንያቱን አየሁት። ላንቃቸው ላይ ትልቅ ጉብታ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድድ ሲጫኑት ትንሽ ይረግባል። ቶረስ አይረግብም። ሰው ሠራሹ ጥርስ በድዱ ላይ ሊያርፍ ሲገባው መሃሉ ጉብታው ላይ ይቀመጣል። ድንጋይ ላይ የተጋደመ ሳንቃ አስቡ። በቀኝ ስትረግጡት በግራ ይነሣል። እሳቸውም በቀኝ ሲያኝኩ ጥርሱ በግራ ይነሣ ነበር። ጉብታው ወደ ኋላ ረዝሞ ስለነበር ደግሞ ጥርሱ ከላንቃ ጋር አየር ሳያስገባ ሊገጥም አልቻለም። ስለዚህ ይወድቃል። በዚያ ላይ ያንን ስስ ልባስ ያቆስለዋል።

ለትንሽ ቶረስ መላ አለ። ጥርሱ ሲሠራ ጉብታው ባለበት ቦታ ከውስጥ በኩል ክፍተት ይተዋል። ወይም ላንቃውን ሳይሸፍን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይሠራል። በተተከለ ጥርስ ላይ የሚያዝ ከሆነም የላንቃ ሽፋኑ ሊቀንስ ይችላል። እነዚህ መጀመሪያ መታየት አለባቸው። ለእሳቸው ግን አልሆነም። አንደኛው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ተሠርቶ እንኳ አልጸናም። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሰው ፊት መብላት ትቻለሁ።» የጉብታውን ልኬት በካርዳቸው ላይ ጽፌዋለሁ። ለውሳኔው የተጠቀምኩበት ግን ይህን ቃላቸውን ነው። ወጣላቸው። ዛሬ በሦስተኛው ጥርሳቸው ይበላሉ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ተግባራዊ ነገር ውሰዱ። ጥርስ ሊነቀልላችሁና ተነቃይ ጥርስ ሊሠራላችሁ ከሆነ፣ ስለ ጉብታው የምትነጋገሩት ልኬት ከመወሰዱ በፊት ነው። ጥርሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚወሰን ኦፕራሲዮን ያንን ጥርስ ዋጋ ቢስ ያደርገዋል።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። በየወሩ የሚቆስል ጉብታ አለ። ምግብ ሥሩ እየተቀረቀረ ማጽዳት ያቃተውም አለ። የታችኞቹ ሁለት ጉብታዎች መሃል ላይ እስኪነካኩ አድገው ለምላስ ቦታ ያሳጡት፣ ንግግሩን ያበላሹበት ሰው አይቻለሁ። ለእነዚህ ሰዎች ኦፕራሲዮን ሕይወት ይለውጣል። ለማንኮራፋት ብለው የሚመጡም አሉ። ማንኮራፋት ግን ብዙ ምክንያት አለው። የእንቅልፍ ምርመራ ሳይደረግ በዚያ ብቻ አጥንት መቁረጥን አልደግፍም።

ጉብታውን ባታስወጡትም ማወቃችሁ የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ። ለማንኛውም ሌላ ሕመም ሙሉ ማደንዘዣ ሊሰጣችሁ ከሆነ፣ የታችኛው መንጋጋችሁ ላይ ትልቅ ቶረስ እንዳለ ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩት። የመተንፈሻ ቱቦ ሲያስገባ ሊያስቸግረው ይችላል። አስቀድሞ ካወቀ ይዘጋጃል።

ስለ መድኃኒታችሁ ዝም አትበሉ

ይህን ክፍል ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ እንዳትረሱት እፈልጋለሁ።

ለአጥንት መሳሳት ወይም አጥንት ውስጥ ለገባ ካንሰር የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ። አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ ዴኖሱማብ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ስብራት ይከላከላሉ። ግን አጥንት ራሱን የሚያድስበትን ሥራ ይቀንሳሉ። ከ2003 ጀምሮ ሐኪሞች አንድ ነገር መዘገብ ጀመሩ። እነዚህን መድኃኒቶች በሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ላይ የመንጋጋ አጥንት ይጋለጥና አይድንም። ይሞታል። አጥንቱ ከስምንት ሳምንት በላይ ተጋልጦ ከቆየ ይህ ነገር ይጠረጠራል።

አሁን ስለ ልባሱ ያልኩትን አስታውሱ። ስስ ነው፣ ደሙ ጥቂት ነው። ቶረስ ይህ ችግር ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አንዳንዴ ኦፕራሲዮን ሳይደረግ፣ በሰው ሠራሽ ጥርስ መፋተግ ብቻ ይጀምራል። ስለዚህ ነገሩ ሁለት አፍ ያለው ቢላ ነው። መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ቶረስ ማስወጣት አደጋ አለው። ቶረሱ በየጊዜው እየቆሰለ መድኃኒት መጀመርም አደጋ አለው። አደጋው ለካንሰር በደም ሥር ከፍተኛ መጠን በሚወስዱት ላይ በጣም ይበልጣል። ለአጥንት መሳሳት በሳምንት አንድ ኪኒን በሚወስዱት ላይ ትንሽ ነው። ግን ዜሮ አይደለም።

አንዲት ሴት ይህን መድኃኒት እንደምትወስድ የነገረችኝ ቀጠሮ ይዘን፣ ቀን ቆርጠን፣ በር ላይ ስትደርስ ነው። «የወገቤ ነው እኮ፣ ከጥርስ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ማንም አልነገራትም። ቀኑን ሰረዝነው። ከሐኪሟ ጋር ተነጋገርን። በመጨረሻ ጉብታውን ሳንነካ ጥርሱን እንደገና በሌላ ዲዛይን ሠራንላት።

መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። በተለይ ዴኖሱማብ በድንገት ሲቋረጥ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሊያስከትል ይችላል። የደም ማቅጠኛም እንዲሁ ነው፤ ያለ ሐኪም አይቋረጥም። መንጋጋችሁ አካባቢ የጨረር ሕክምና ወስዳችሁ ከነበረ፣ ስኳራችሁ ካልተስተካከለ፣ ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ፣ ሁሉንም ተናገሩ። የሚፈርድባችሁ የለም። ዕቅዱ ስለሚለወጥ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ

ብዙ ሰው ወንበሩ ላይ የሚፈራው የማያውቀውን ነው። ስለዚህ እንዳለ ልንገራችሁ።

አብዛኛው ሥራ ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ይሠራል። በጣም ለሚፈራ ሰው የሚያረጋጋ መድኃኒት ይጨመራል። ትልቅ ከሆነ ወይም ብዙ ከሆነ ሙሉ ማደንዘዣ ሊመረጥ ይችላል።

የታችኛውን እንውሰድ። ጥርስ ካለ፣ ቀዶው በጥርሶቹ አንገት ዙሪያ በምላስ በኩል ይከፈታል። ልባሱ ቀስ ተብሎ ከአጥንቱ ይገለጣል። ከዚህ ሁሉ በጣም ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ልባሱ ከተቀደደ ማገገሙ ይረዝማል። ጎበዝ እጅ የሚታወቀውም እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ጉብታው ከመንጋጋው ጋር በሚገናኝበት በላይኛው ጫፍ በመሰርሰሪያ ቦይ ይቆፈራል። ውኃ ያለማቋረጥ ይፈስሳል፣ አጥንቱ እንዳይግል። ቀጥሎ መሮ ይገባና ጉብታው ይፈለጣል። የቀረው በሞረድ ይለሰልሳል። ታጥቦ ይሰፋል።

መሮ፣ ሞረድ ስል ፊታችሁን አየሁት። አዎ፣ ስማቸው የአናጢ ነው። መሮው በትንሽ መዶሻ ሲመታ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይሰማችኋል። መንጋጋችሁ ይርገበገባል። ረዳቱ ከሥር በእጁ ይደግፍላችኋል። አያምም። ግን ያልተነገረው ሰው በጣም ይደነግጣል፤ ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ አስቀድሜ እናገራለሁ። ዛሬ ፒዞ የሚባል በድምፅ ሞገድ ንዝረት የሚቆርጥ መሣሪያም አለ። አጥንት ይቆርጣል፣ ለስላሳውን ሥጋ ግን ብዙም አይጎዳም። ቀርፋፋ ነው። ለታችኛው መንጋጋ ግን እወደዋለሁ።

የላንቃው ይለያል። እዚያ ጉብታውን ባንድ ጊዜ ፈልጦ ማንሣት አይሞከርም። ከላዩ ያለው የአፍንጫ ወለል ነው። አጥንቱ ስስ ከሆነ ከጉብታው ጋር ተነቅሎ በአፍና በአፍንጫ መካከል ቀዳዳ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ጉብታው በመሰርሰሪያ ወደ ትንንሽ ክፍል ይከፋፈላል። ቁራጮቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ። ከተሰፋ በኋላ ሥሩ ደም እንዳይጠራቀም አስቀድሞ የተሠራ የፕላስቲክ ሽፋን ላንቃው ላይ ይደረጋል።

አደጋዎቹን ልደብቃችሁ አልፈልግም። መድማት፣ ማበጥ፣ ኢንፌክሽን፤ እነዚህ ለማንኛውም ኦፕራሲዮን ናቸው። በታችኛው መንጋጋ በኩል የምላስ ነርቭ ቅርብ ነው። ከተጎዳ ግማሽ ምላስ ይደነዝዛል፣ ጣዕምም ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ አልፎ አልፎ ግን ይቀራል። የምራቅ ቱቦም እዚያው ነው። ከምላስ ሥር የሚጠራቀም ደም ደግሞ ብርቅ ቢሆንም አጣዳፊ ነው፤ ምላስን ወደ ላይ ገፍቶ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። ቤት ከገባችሁ በኋላ የምላሳችሁ ሥር ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበዳችሁ፣ ስልክ ደውላችሁ አትጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ማገገሙ ሰው ከሚጠብቀው በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ይህን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። ሥራው ከአንድ ሰዓት ባይበልጥም ሳምንታት ይፈልጋል። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ «እየባሰብኝ ነው» ብሎ የሚደውለው ሰው ሁሉ የሚደውለው ያኔ ነው። ከዚያ ይቀንሳል። ለአንድ ሁለት ሳምንት ለስላሳና ለብ ያለ ምግብ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በሞቀ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ይረዳል። ሲጋራ የለም። ሕመሙ ለአብዛኛው ሰው በአይቡፕሮፌንና በፓራሲታሞል ይያዛል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግን ጠይቁ። ልባሱ በሦስት አራት ሳምንት ይገጥማል። ለሰው ሠራሽ ጥርስ ልኬት ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ይጠበቃል። አልፎ አልፎ ትንሽ የአጥንት ስባሪ ከድዱ ብቅ ትላለች። ታስደነግጣለች፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ትወጣለች።

ተመልሶ ይመጣል ወይ? ብዙ ጊዜ አይመጣም። ቢመጣም በዝግታ ነው። ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ላይ ግን ጫናው ስለሚቀጥል ሌሊት የሚደረግ የጥርስ መከላከያ ማሠራቱ ደግ ነው።

ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ዓይን አፋርነቱን ተዉት። «ባላስወጣው ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጀምሩ። ለዚህ ግልጽ መልስ ያልሰጠ ሰው ለኦፕራሲዮን ሊያስቸኩላችሁ አይገባም። ሳይቆረጥ የሚሞከር መላ ካለ ጠይቁ። እሱ ራሱ ይህን ሥራ ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ስድብ አይደለም፣ ጥሩ ሐኪም በደስታ ይመልሳል። ሁለቱም ጎን ካለባችሁ ባንድ ቀን ይሠራ ወይስ በየተራ? በየተራ ከሆነ አንዱ ጎን እየዳነ በሌላው ማኘክ ይቻላል፤ ባንድ ቀን ከሆነ ደግሞ መከራው አንዴ ያልፋል። እዚህ ላይ ትክክለኛ መልስ የለም። የእናንተ ኑሮ ነው የሚወስነው። ካልተረጋጋችሁ ሁለተኛ ሐኪም አማክሩ። የመጀመሪያው ሐኪም በዚህ ከተቀየመ፣ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ሰዓቴ አልቋል። አንድ ጥያቄ ግን ከመምጣቱ በፊት ልመልስ፤ ሁልጊዜ ይመጣልና። «ዶክተር፣ የእርስዎን አስወጡት ወይ?»

አላስወጣሁትም። ሁለቱም አሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ባልደረባዬ ይለካቸዋል። ከተማሪነቴ ጀምሮ የቀኙ ትንሽ ጨምሯል፣ የግራው እንደነበረ ነው። ጥርሴን እንደማፋጭ ካወቅሁ በኋላ ሌሊት መከላከያ አደርጋለሁ። ካርዴ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት አንድ መስመር አለ። «የታችኛው የኋላ ጥርሶች ከተነቀሉና ተነቃይ ጥርስ ከታሰበ፣ ከልኬት በፊት ስለ ቶረሱ እንደገና እንነጋገር።» ያ ቀን ከመጣ ወንበሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። መሮው ሲመታ መንጋጋዬ እንደሚርገበገብ አውቃለሁ።

እሺ፣ እጅ ያወጣችሁ አላችሁ። ከእርስዎ እንጀምር።